የመግደሉ ሐሳብ በመጀመሪያ የመጣው ከማን ነው? የ«ማክቤዝ» አንደኛ ገቢር በጥያቄና መልስ

የዊልያም ሼክስፒርን «ማክቤዝ» ማንበብ ጀምረው አንደኛውን ገቢር የጨረሱ አንባቢዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ አሰባስቤአለሁ። ተውኔቱን ለዓመታት ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደውም ይህንኑ ገቢር ነው። ላላነበበው ሰው ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ማክቤዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ የጦር አለቃ ድል አድርጎ ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች ንጉሥ እንደሚሆን ይነግሩታል፤ እርሱም የሰማውን ለሚስቱ በደብዳቤ ይገልጽላታል፤ ብዙም ሳይቆይ ንጉሥ ደንካን በእንግድነት ወደ ቤታቸው ይመጣል። ገቢሩ የሚዘጋው ባልና ሚስቱ እንግዳቸውን በተኛበት ሊገድሉት ሲስማሙ ነው።

ጥያቄ፦ ተውኔቱ በጠንቋዮች የሚጀምረው ለምንድን ነው? ትዕይንቱ ከመጀመሩ ያልቃል፤ የሚጨብጡት ነገርም የለውም።

መልስ፦ የመጀመሪያው ትዕይንት 12 ያህል መስመር ብቻ ቢሆንም ሁለት ነገሮችን አስቀምጦልን ያልፋል። አንደኛው የማክቤዝ ስም ነው። ጠንቋዮቹ ሊያገኙት የሚፈልጉትን ሰው በስሙ ስለሚጠሩት፣ ሰውየውን ገና ሳናየው እየተጠበቀ መሆኑን እናውቃለን። ሁለተኛው «ያማረው ክፉ ነው፣ ክፉውም ያማረ» የሚለው ቃላቸው ነው። ይህን ቃል በልብዎ ይዘው ወደ ሦስተኛው ትዕይንት ይሂዱ። ማክቤዝ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚናገረው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «እንዲህ ክፉም ያማረም ቀን አይቼ አላውቅም» የሚል ነው። ጠንቋዮቹን ገና አላያቸውም፤ የተናገሩትንም አልሰማም፤ ቃላቸው ግን በአፉ ውስጥ አለ። አነጋገራቸውም የተለየ ነው፦ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው 10 ቀለም ባለው ስንኝ ሲናገሩ፣ ጠንቋዮቹ አጠር ባለና ብዙውን ጊዜ 7 ቀለም በሆነ ስንኝ ይናገራሉ። ስለዚህ እንግሊዝኛው በደንብ የማይገባው ሰው እንኳ ዜማው መለወጡን በጆሮው ይለየዋል።

ጥያቄ፦ «የግላምስ ቴን»፣ «የካውዶር ቴን» ሲባል ግራ ይገባኛል። ቴን ምንድን ነው?

መልስ፦ ቴን በጥንቷ ስኮትላንድ ከንጉሡ መሬት ተቀብሎ በንጉሡ ስም አንድን ግዛት የሚያስተዳድር መኰንን ነው። ማክቤዝ ተውኔቱ ሲጀምር የግላምስ ቴን ነው፤ የካውዶርን ሹመት የሚያገኘው ደግሞ የቀድሞው ባለ ሹመት ከሃዲ ሆኖ በመገኘቱ ሞት ስለተፈረደበት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ አንድ የቆሰለ መኰንን ስለ ውጊያው ረጅም ወሬ ያወራል። ውጊያውን ለምን አላሳዩንም?

መልስ፦ ውጊያውን ብናየው ኖሮ የምናውቀው ማክቤዝ ጀግና መሆኑን ብቻ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስንሰማው ግን ይህ መንግሥት ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያስከብር እንረዳለን። መኰንኑ ደሙ እየፈሰሰ፣ ማክቤዝ ዐመፀኛውን ማክዶንዋልድን ከእምብርቱ እስከ መንጋጋው ሰንጥቆ ራሱን ቆርጦ በግንቡ ላይ እንደሰቀለው ይናገራል። ደንካን ይህን ሲሰማ በአድናቆት «ጀግና ዘመዴ! የተከበረ ሰው!» ይላል። ማክቤዝ ለንጉሡ ሲገድል የሚመሰገን እጅ እንዳለው በዚህ እንማራለን፤ ያ እጅ ወደ ንጉሡ ሲዞር የሚሆነውን ለማየት ብዙ መጠበቅ አይኖርብንም።

በዚሁ ትዕይንት መጨረሻ ደንካን የካውዶርን ሹመት ለማክቤዝ እንዲሰጥ ማዘዙን ልብ ይበሉ። ጠንቋዮቹ «የካውዶር ቴን» ብለው ማክቤዝን የሚጠሩት ከዚያ በኋላ፣ በሦስተኛው ትዕይንት ነው። እርሱ የወደፊቱን የነገሩት ይመስለዋል፤ እኛ ግን ነገሩ ቀድሞ የተፈጸመ መሆኑን እናውቃለን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጠንቋዮቹ ባይኖሩ ማክቤዝ ነፍሰ ገዳይ አይሆንም ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ሦስተኛውን ትዕይንት ሲያነቡ እርሳስ ይያዙና ጠንቋዮቹ ስለ መግደል የተናገሩበት ቦታ ካለ ያስምሩበት። ለማክቤዝ ከሚነግሩት ውስጥ አንድም አያገኙም። በሦስት ስም ሰላምታ ያቀርቡለታል፦ የግላምስ ቴን፣ የካውዶር ቴን፣ ወደፊት ንጉሥ የምትሆን። እንዴት እንደሚነግሥ፣ መቼ እንደሚነግሥ፣ ማን መሞት እንዳለበት የተነፈሱት ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ማክቤዝ ምን እንዳደረገ ይመልከቱ። ሼክስፒር ይህን የሚነግረን አብሮት በነበረው የጦር አለቃ በባንኮ አፍ ነው፤ ባንኮ ባልንጀራውን አይቶ «ጌታዬ፣ ለጆሮ እንዲህ ያማረውን ነገር ስትሰማ ለምን ደነገጥህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ምሥራች የሰማ ሰው አይደነግጥም። የሚደነግጠው በልቡ የሸሸገውን ነገር ሌላ ሰው በአደባባይ የተናገረበት ሰው ነው። ትንሽ ቆይቶ የካውዶር ሹመት እውነት መሆኑን ሲሰማ፣ ማክቤዝ ለራሱ በሚናገረው ንግግር ውስጥ መግደል የሚለው ቃል ይመጣል፤ ገና በሐሳብ ብቻ ያለው ግድያ ሰውነቱን እያናወጠው እንደሆነ ይናገራል። የመግደሉን ሐሳብ በዚያ ትዕይንት ያመጣው እርሱ ራሱ ነው።

የጠንቋዮቹ ኃይል ገደብ እንዳለውም ተውኔቱ አስቀድሞ ነግሮናል። በዚያው ትዕይንት መጀመሪያ ላይ ከጠንቋዮቹ አንዷ፣ ወደ አሌፖ በተጓዘ መርከበኛ ላይ ልትበቀል ስትዝት፣ መርከቡ በማዕበል ይንገላታል እንጂ ሊሰጥም አይችልም ትላለች። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ጨዋታ ነው ብሎ ይዘልለዋል። እኔ ግን ለጥያቄዎ ዋናው መልስ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ማንገላታት ይችላሉ፣ ማስጠም ግን አይችሉም።

ጥያቄ፦ ባንኮም ትንቢት ተነግሮታል። እርሱ ለምን አልተፈተነም?

መልስ፦ አልተፈተነም ማለት አይቻልም፤ የተነገረው ነገር ግን ይለያል። እርሱ ራሱ ሳይነግሥ የነገሥታት አባት እንደሚሆን ነው የሰማው፤ እንዲህ ላለው ተስፋ መቸኮል አያስፈልግም። ከዚህም ሌላ ባንኮ የሰማውን ይመረምራል። የጨለማ መልእክተኞች በትንሹ ነገር እውነት ነግረው ካሳመኑን በኋላ በትልቁ ነገር አሳልፈው ይሰጡናል ብሎ ማክቤዝን ያስጠነቅቀዋል። ማክቤዝ ይህን ማስጠንቀቂያ ሰምቶ አይመልስለትም፤ ፊቱን ዞር አድርጎ ከራሱ ጋር ማውራት ይጀምራል።

የባንኮ መልካምነት ታሪካዊ ምክንያትም አለው። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደበት የሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ባንኮን የግድያው ተባባሪ ያደርገዋል። ተውኔቱ የተጻፈው ግን በ1606 አካባቢ እንደሆነ ይታመናል፤ በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የነበረው ከ1603 ጀምሮ የነገሠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ነበር፤ ቤተሰቡም ትውልዱን ከባንኮ ይቆጥር ነበር። የንጉሥን ቅድመ አያት ነፍሰ ገዳይ አድርጎ መድረክ ላይ ማውጣት የሚታሰብ አልነበረም። በኅዳር 1605 ንጉሡንና ምክር ቤቱን በባሩድ ለማጥፋት የተጠነሰሰው ሤራ ተጋልጦ ስለነበር፣ ስለ ንጉሥ ግድያ የሚናገር ተውኔት በዚያን ጊዜ ተመልካች ጆሮ እንዴት ይሰማ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ ታሪኩ እውነተኛ ነው?

መልስ፦ በጥቂቱ። ማክቤዝ የሚባል ንጉሥ ከ1040 እስከ 1057 ስኮትላንድን ገዝቷል፤ ደንካንም በ1040 ሞቷል፤ ነገር ግን የሞተው በውጊያ ነው እንጂ በእንግድነት በተኛበት አልነበረም። ባንኮን የታሪክ ሊቃውንት ኋላ የተፈጠረ ሰው አድርገው ይቆጥሩታል።

ጥያቄ፦ ደንካን ሞኝ ንጉሥ አይደለም? ሰውን ሁሉ ያምናል።

መልስ፦ ሞኝ የሚለው ቃል ይከብደኛል። አራተኛው ትዕይንት ላይ ደንካን ስለ ተቀጣው ከሃዲ ሲናገር፣ የሰውን ልብ ከፊቱ ማንበብ የሚያስችል ጥበብ የለም፣ ያን ሰው ሙሉ በሙሉ አምኜው ነበር ይላል። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ማክቤዝ ይገባል፤ ንጉሡም በደስታ ተቀብሎ የሚገባህን ልከፍልህ አልችልም ይለዋል። በመጽሐፍ ሲነበብ ይህ ቦታ በቀላሉ ያመልጣል፤ በመድረክ ላይ ግን የመጀመሪያው የካውዶር ቴን ስም ገና ሳይረሳ ሁለተኛው የካውዶር ቴን በር ላይ ቆሞ ይታያል። ደንካን እውነቱን ያውቃል፤ በቃሉም ይናገረዋል፤ ዕውቀቱ ግን አያድነውም።

ስድስተኛው ትዕይንት አጭር ነው፤ እባክዎ አይዝለሉት። ደንካን የማክቤዝን ግንብ ከውጭ ቆሞ ሲያይ ቦታው ደስ እንደሚልና አየሩ ለስላሳ እንደሆነ ይናገራል። ባንኮ ደግሞ በበጋ መጥታ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ጎጆዋን የምትሠራዋን ትንሽ ወፍ ያሳየዋል፤ እርሷ የምትራባበት ቦታ አየሩ ንጹሕ ነው ይላል። ከአንድ ትዕይንት በፊት ግን ሌዲ ማክቤዝ ስለዚያው ግንብ ስትናገር፣ የደንካንን መምጣት የሚያበሥረው ቁራ ድምፁ ሰልሏል ብላ ነበር። አንዱን ግንብ ባለቤቲቱ ቁራ ሲጮኽበት ትሰማለች፣ እንግዳው ደግሞ የወፍ ጎጆ ያይበታል።

ጥያቄ፦ ማልኮም አልጋ ወራሽ ሲደረግ ማክቤዝ የሚደነግጠው ለምንድን ነው? የንጉሥ ልጅ መውረሱ የተለመደ አይደለም?

መልስ፦ በዚያ ዘመን በስኮትላንድ የተለመደ አልነበረም። ዙፋኑ በቀጥታ ከአባት ወደ ልጅ ከመተላለፍ ይልቅ፣ ከንጉሣዊው ቤተሰብ ለአልጋው ብቁ ወደ ሆነ አዋቂ ዘመድ ይተላለፍ ነበር። ማክቤዝ የደንካን ዘመድና የጦሩ ጀግና ስለሆነ ምንም ሳያደርግ ሊነግሥ ይችል እንደነበር መገመት ይቻላል፤ በሦስተኛው ትዕይንትም ዕድል ንጉሥ ሊያደርገኝ ከፈለገ እጄን ሳላነሣ ዘውድ ሊጭንልኝ ይችላል ብሎ ነበር። ደንካን ማልኮምን የከምበርላንድ ልዑል ብሎ ሲሰይም ያ መንገድ ይዘጋል። ማክቤዝ ከዋክብት ብርሃናቸውን እንዲሸሽጉለት የሚለምነው ወዲያው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሌዲ ማክቤዝ ከባሏ የከፋች ናት ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ከእርሱ ይልቅ ቆራጥ ናት፤ የከፋች መሆኗን ግን እጠራጠራለሁ። ክፉ መናፍስትን ጠርታ ሴትነቷን እንዲወስዱላት፣ የርኅራኄን መግቢያ ሁሉ እንዲዘጉባት ትለምናለች። ርኅራኄ የሌለው ሰው ይዘጋልኝ ብሎ አይለምንም። ባሏን ስትገልጸው ደግሞ የሰብአዊ ርኅራኄ ወተት ሞልቶበታል፣ ትልቅ መሆን ይፈልጋል፣ ነገር ግን በቅድስና ሊያገኘው ይሻል ትላለች። በተውኔቱ ውስጥ ማክቤዝን ከእርሷ የተሻለ ያወቀው ሰው የለም።

ጥያቄ፦ የሰባተኛው ትዕይንት ንግግር ከበደኝ። ደረጃ በደረጃ ሊያስረዱን ይችላሉ?

መልስ፦ ከንግግሩ በፊት መድረኩ ላይ የሚሆነውን ይመልከቱ። አሳላፊዎች ሳሕን ይዘው ያልፋሉ፤ ንጉሡ ውስጥ ራት ላይ ነው። ጋባዡ ግን እንግዳውን ማዕድ ላይ ትቶ ብቻውን ወጥቷል።

ንግግሩ «ነገሩ ሲደረግ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ፣ ቶሎ ቢደረግ ደግ ነበር» በሚል ሐሳብ ይጀምራል። ምን እንደሚደረግ አይናገርም፤ «ነገሩ» እያለ ዙሪያውን ይዞራል። በመጀመሪያ የሚያስፈራው ቅጣት ነው፤ የሚመጣውን ዓለም ፍርድ ለመተው ዝግጁ ይመስላል፤ በዚህኛው ዓለም ግን ደም ማፍሰስን ያስተማረ ሰው ትምህርቱ በራሱ ላይ ይመለሳል ይላል። ቀጥሎ ከፍርሃት ወደ ግዴታ ይሻገራል፦ ዘመዱ ነኝ፣ አገልጋዩ ነኝ፣ ደግሞም ጋባዡ ነኝ፤ ገዳይ እንዳይገባበት በሩን መዝጋት ሲገባኝ ቢላውን የምይዘው እኔ ነኝ ይላል። ከዚያም ከግዴታ ወደ ርኅራኄ ይደርሳል፤ የደንካን ደግነት እንደ መላእክት መለከት ይጮኻል፤ ርኅራኄ ራሱ እንደ ራቁት ሕፃን በነፋስ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። በመጨረሻም ወደ ግድያው የሚገፋው የሥልጣን ጥም ብቻ መሆኑን አምኖ፣ ያን ጥም ከልክ በላይ ዘሎ በወዲያኛው በኩል በሚወድቅ ጋላቢ ይመስለዋል። ስለ ኃጢአቱ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የሚያቀርብ ከሳሽ የለም፤ ተከሳሹም ራሱ ነው።

አሁን ሚስቱ ትገባለች፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ቦታ ይኸው ነው። «በዚህ ነገር ከዚህ በላይ አንሄድም» ይላታል። ምክንያቱን ሲያቀርብላት ግን ከላይ ካሰበው ውስጥ አንዱንም አይነግራትም። ስለ ዘመድነቱ፣ ስለ እንግዳው፣ ስለ ሕፃኑ ርኅራኄ አይናገርም። የሚላት ንጉሡ በቅርቡ አክብሮኛል፣ ሰዎችም መልካም ስም ሰጥተውኛል፣ ይህን ስም እንደ አዲስ ልብስ ልልበሰው እንጂ ቶሎ ልጣለው አይገባም ነው። እውነተኛውን ምክንያት ሸሽጎ ደካማውን ስላቀረበላት፣ እርሷም ደካማውን በቀላሉ ትንደዋለች፤ ፈሪ ነህ፣ ያን ጊዜ ስትደፍር ወንድ ነበርህ ትለዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ለሰው የሚገባውን ሁሉ እደፍራለሁ፣ ከዚያ በላይ የሚደፍር ሰው አይደለም» ብሎ ሊመልስላት ይሞክራል፤ ግን አይገፋበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በትክክል የወሰነው የት ላይ ነው?

መልስ፦ እኔ የማየው «ባይሳካልንስ?» ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ ነው። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ይሳካል ወይስ አይሳካም ሆኗል፤ ለዚያ ደግሞ ሚስቱ የተዘጋጀ መልስ አላት፦ የንጉሡን ሁለት የእልፍኝ ጠባቂዎች በወይን አስክራ ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ታላክካለች። ማክቤዝ ወዲያው ተቀብሎ ዕቅዱን ራሱ ማሟላት ይጀምራል፤ ጠባቂዎቹን በደም ብንቀባቸው፣ የገዛ ጩቤያቸውንም ብንጠቀም እነርሱ አደረጉት አይባልምን ይላታል። በዚያች ቅጽበት ደንካን ከግድግዳው ወዲያ ገና ራቱን እየበላ ነው።