«አስመራጭ» ወይስ «ወኪል መራጭ»?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ እንከራከራለን። ባለቤቴ «አስመራጮች» ይላል፤ እኔ «የኮሌጅ ድምፅ» እላለሁ። ልጃችን በሁለታችንም ይስቃል። ትክክሉ የቱ ነው? «ዊነር ቴክ ኦል» የሚሉትንስ ምን እንበለው?

መልስ፦ ልጃችሁ ቢስቅ አይፈረድበትም።

አስመራጭ ምርጫውን የሚያካሂደው ነው። የዕድራችሁን አስመራጭ ኮሚቴ ያስቡት፤ ወረቀት ያድላል፣ ይሰበስባል፣ ይቆጥራል። በየግዛቱ ተወክለው ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ የሚመርጡት 538 ሰዎች ግን ድምፅ ሰጪዎች ናቸው። ሕዝቡም መራጭ ስለሆነ፣ ለመለየት «ወኪል መራጭ» እላለሁ። እንግሊዝኛው የእነዚህን ሰዎች ጉባኤ «ኤሌክቶራል ኮሌጅ» ይለዋል፤ «ኮሌጅ» ግን በእኛ ጆሮ ዲፕሎማ የሚሰጥ ቤት ነው፤ ይቅርባችሁ።

ዋናው ጣጣ ያለው «ድምፅ» ላይ ነው። «ሂላሪ ክሊንተን በድምፅ በልጠው ተሸነፉ» ብንል ሰሚው ግራ ይጋባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሕዝብ ድምፅ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ በለጡ፤ የተሸነፉት በወኪል መራጮች ድምፅ ነው። «የሕዝብ» ወይም «የወኪል» የምትለዋን ቅጽል መዝለል አይቻልም።

«ዊነር ቴክ ኦል»ን «አሸናፊው ሁሉንም ይወስዳል» ማለት ስህተት የለበትም፤ የትርጉም ሽታ ግን አለው። አማርኛ «ጠቅልሎ» አለው አይደል? ካሊፎርኒያን ያሸነፈ የግዛቷን 54 የወኪል ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። አለቀ። «ጠቅላይ ሚኒስትር» ውስጥ ያለው «ጠቅላይ»ም የዚሁ ግስ ልጅ ነው።

ይህን አሠራር ስለመለወጥ ሲወራ ደግሞ «ተመጣጣኝ» የሚባል ቃል ያለቦታው ይገባል። ሜይንና ኔብራስካ ጠቅልለው አይሰጡም። ግን በመቶኛም አያካፍሉም። ሁለቱን ድምፅ ግዛቱን በሙሉ ላሸነፈ፣ የቀረውን በየምርጫ ክልሉ ላሸነፈ ይሰጣሉ። ኔብራስካ በ2020 ከ5ቱ 4ቱን ለትራምፕ፣ ኦማሃ ያለችበትን 1 ለባይደን የሰጠችው በዚህ መንገድ ነው። ይህ «በምርጫ ክልል መደልደል» ነው። «ተመጣጣኝ» የሚባለው 40 በመቶ ያገኘ 40 በመቶ ሲወስድ ነው።

የእናንተዋ ሜሪላንድ በ2007 ቀድማ የገባችበት የግዛቶች ውል ሌላ ነገር ነው። ፈራሚ ግዛቶች ወኪሎቻቸውን በአገር አቀፍ የሕዝብ ድምፅ ላሸነፈ ሊሰጡ ተስማምተዋል። ይህን «ወኪል መራጭን ማስቀረት» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ወኪሎቹ ይቆያሉ፤ የሚለወጠው ለማን እንደሚሰጡ ነው። «ስምምነት» ከማለት «ውል» የምመርጠውም ውል ስለሚጸና ነው። ይኼኛው የሚጸናው የፈራሚዎቹ የወኪል ድምፅ 270፣ ማለትም ከ538ቱ አብላጫውን፣ ሲሞላ ነው። እስከዚያው የሜሪላንድን 10 ድምፅ እዚያው ያሸነፈ ጠቅልሎ ይወስዳል።