ያልነካሁት ረድፍ ላይ ምልክቱ ከየት መጣ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፕሮግራሚንግ ዓምድ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ለሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ መደብር የአንድሮይድ አፕሊኬሽን እየሠራሁ ነው። ዕቃዎቹ ከ3,000 በላይ ስለሆኑ በሪሳይክለርቪው (ረጅም ዝርዝር በሚያሳየው የአንድሮይድ መሣሪያ) አሳያቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ስም፣ ፎቶና «ተቆጥሯል» የሚል ቼክቦክስ አለው። አንዱ ረድፍ ላይ ምልክት አድርጌ ወደ ታች ስወርድ ግን ጨርሶ ያልነካሁት ረድፍ ምልክት ይዞ ይመጣል። ፎቶዎቹም አልፎ አልፎ ይቀያየራሉ። አንድ ጓደኛዬ «ሴትኢዝሪሳይክለብልን ፎልስ አድርገውና ተገላገል» ብሎኝ ነበር፤ ይህም ረድፉ ለሌላ ዕቃ መልሶ እንዳይውል የሚከለክል ትእዛዝ ነው። ምልክቱ ወደ ሌላ ረድፍ መሄዱን ተወ፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ይንቀረፈፋል፣ ወደ ላይ ስመለስም ራሴ ያደረግሁት ምልክት ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ምን ይሻላል? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጓደኛዎ ምክር ስሕተቱን ሸፈነው እንጂ አላረመውም፤ ማስረጃውም ያደረጉት ምልክት ሲመለሱ መጥፋቱ ነው። ምልክቱ የተቀመጠው በቼክቦክሱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቼክቦክሱ ሲጣል አብሮት ይጣላል፤ ቼክቦክሱ ለሌላ ዕቃ ሲሰጥም አብሮት ይሄዳል ማለት ነው።

ሪሳይክለርቪው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ሊስትቪው ለፕሮግራመሩ ፈቃድ ትቶት የነበረውን ረድፍን መልሶ የመጠቀም ሥራ የግድ ለማድረግ ጭምር ነው። 3,000 ዕቃ ቢኖርዎትም ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታዩት ከአሥር ብዙም አይበልጡም፤ ስለዚህ የሚፈጠሩት ረድፎች ስክሪኑን የሚሞሉትና ጥቂት ትርፍ ብቻ ናቸው። ሃያ ብርጭቆ ያለው የቀፊራ ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ መቶዎችን እንደሚያስተናግድ ሁሉ፣ እነዚያው ጥቂት ረድፎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዕቃዎች ይበቃሉ፤ ብርጭቆው ካልታጠበ ግን የፊተኛው ሰው ስኳር ለኋለኛው ይተርፋል። ረድፍ መፍጠር «ኦንክሪኤትቪውሆልደር» ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ የረድፉ ንድፍ የተጻፈበትን የኤክስኤምኤል ፋይል አንብቦ ዊጀቶችን (እንደ ቼክቦክስና ቁልፍ ያሉ የስክሪን ክፍሎችን) መገንባት ስለሚጠይቅ ውድ ሥራ ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ለአንዱ እድሳት ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ በመሆኑ፣ እያሸራተቱ ረድፍ ሁልጊዜ አዲስ ከተፈጠረ መንቀርፈፉ አይቀርም።

ረድፉ ዕቃ ሲሰጠው (ባይንድ ሲደረግ) በሚጠራው «ኦንባይንድቪውሆልደር» ውስጥ ያለው ኮድዎ ምናልባት «ዕቃው ተቆጥሮ ከሆነ ቼክቦክሱን ምልክት አድርግ» የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ስለ ቼክቦክሱ ምንም አይል ይሆናል። ካልተቆጠረስ ምን ይሁን? ይህ ካልተጻፈ ረድፉ ከቀድሞው ዕቃ የወረሰውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ «ተቆጥሯል» የሚለው እውነት በዕቃው ዳታ ውስጥ ይቀመጥ፤ ረድፉም ባይንድ በተደረገ ቁጥር ቼክቦክሱ ትሩ (ምልክት ያለው) ይሁን ፎልስ (የሌለው) በግልጽ ይጻፍለት። ቀለም ቢቀይሩ፣ አንድ ዊጀት ቢደብቁ፣ ቁልፍ ቢያግዱም ደንቡ ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት አንድ ወጥመድ አለ። በባይንድ ጊዜ ምልክቱን የሚጽፈውን ሴትቼክድን ሲጠሩ፣ ከቀድሞው ዕቃ የቀረው ሊስነር (ቼክቦክሱ ሲለወጥ የሚነሳው ኮድ) ሰው የነካው መስሎት ይነሳና የዚያን ዕቃ ዳታ ይለውጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሊስነሩን ነል (ባዶ) ያድርጉ፣ ቀጥሎ ምልክቱን ይጻፉ፣ በመጨረሻ አዲሱን ሊስነር ያያይዙ። ሊስነሩ ውስጥም በባይንድ ጊዜ የተቀበሉትን ፖዚሽን (የዕቃውን ተራ ቁጥር) አይጠቀሙ፤ ከላይ ዕቃ ሲጨመር ወይም ሲሰረዝ ቁጥሩ ያረጃልና፣ በተነካበት ቅጽበት ረድፉን የሚይዘውን ቪውሆልደር «ጌትባይንዲንግአዳፕተርፖዚሽን» ብለው ይጠይቁት።

ሲሞክሩት ራቅ አድርገው ያሸራቱ። ሪሳይክለርቪው ከስክሪኑ ገና የወጡትን በነባሪ 2 ረድፎች ሳይነካ ስለሚያቆያቸውና ሲመለሱም ያለ ባይንድ ስለሚያሳያቸው፣ በትንሽ እንቅስቃሴ ስሕተቱ ላይታይ ይችላል።

ፎቶዎቹ የሚቀያየሩት ደግሞ ዘግይቶ የደረሰ ፎቶ ረድፉ ለሌላ ዕቃ ከተሰጠ በኋላ ስለሚለጠፍ ነው። ባይንድ ሲጀምር የቀድሞውን የፎቶ ጥያቄ ይሰርዙና ባዶ ምስል ያስቀምጡ፤ ግላይድን የመሰለ ፎቶ የሚጭን ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) ከተጠቀሙ መሰረዙን ራሱ ይሠራልዎታል። ሴትኢዝሪሳይክለብልንም ከኮዱ ያውጡት።

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ላይ በጂቲኬ 4 (መስኮትና ቁልፍ መሥሪያ ላይብረሪ) የዴስክቶፕ ፕሮግራም እሠራለሁ። ዝርዝሩን ወዲያና ወዲህ ካሸራተትሁ በኋላ «ሰርዝ» የሚለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስጫን ሦስትና አራት ዕቃ ይሰረዛል። (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ጂቲኬ 4 ለረድፍ አራት ሲግናሎች (አንድ ነገር መከሰቱን የሚያሳውቁ መልእክቶች) አሉት፦ ሴትአፕ ሲፈጠር፣ ባይንድ ዕቃ ሲሰጠው፣ አንባይንድ ዕቃው ሲነሳ፣ ቲርዳውን ሲፈርስ። እርስዎ የቁልፉን ሲግናል ባይንድ ውስጥ ሳያያይዙት አልቀሩም፤ ረድፉ ዕቃ በተቀበለ ቁጥር አንድ ሃንድለር (ሲግናሉ ሲመጣ የሚሠራ ኮድ) ይጨመራል፣ የቀድሞዎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዕቃ ይሰርዛሉ። የተሻለው መንገድ አንድ ጊዜ ሴትአፕ ውስጥ አያይዞ፣ ሲጫን ሊስትአይተሙን (ረድፉን ከዕቃው የሚያገናኘውን) በዚያች ቅጽበት የያዘውን ዕቃ መጠየቅ ነው። ባይንድ ውስጥ ማያያዝ የግድ ከሆነብዎት፣ ማያያዣው ትእዛዝ ኮኔክት የመለሰውን ቁጥር ያስቀምጡና አንባይንድ ውስጥ በዚያው ቁጥር ዲስኮኔክት ያድርጉ (ያላቅቁት)።