ፕሮግራሙ ቀጠሮ የሚያፈርሰው ለምንድን ነው? ለዕቁብ አስታዋሹ ጥያቄ መልስ

ሰላም ወንድሜ። ተማሪ መሆንህን ስለገለጽህ «አንተ» ማለቴን በክፋት አትየው። ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ ላስታውስ። የቤተሰብህ ዕቁብ የሚጣለው በየወሩ በ5 ቀን ነው። በዚያ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለአባላቱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠራህ። መጀመሪያ «30 ቀን ጠብቀህ ላክ» ብትለው ወዲያውኑ ላከ። በየደቂቃው ሰዓት እንዲያይ ስታደርገው አንዱን ወር እየላከ ሌላውን ይዘላል። ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር (ሌት ተቀን የሚሠራ የኪራይ ኮምፒውተር) ካዛወርኸው ወዲህ ደግሞ መልእክቱ የሚደርሰው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሆነ። ዋሽንግተን ያሉት ሁለት አባላትም እንቅልፋችንን አጣን ብለው አማረዋል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ጃቫስክሪፕት የመጠበቂያ ጊዜን የሚቆጥረው በሚሊ ሰከንድ ሲሆን፣ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው፤ ይህም 24.8 ቀን ገደማ ነው። 30 ቀን 2,592,000,000 ሚሊ ሰከንድ ስለሚሆን ከመስፈሪያው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ፕሮግራሙም ሳይጠብቅ ይልካል። መስፈሪያው ቢበቃው እንኳ አልመክርህም። ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሜሞሪ ብቻ የያዘው ቀጠሮ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ቢጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛውን የማውቀው ከራሴ ውርደት ነው። ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ደወል የሚደውል ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። አሠራሩ ያንተው ነው፤ 60 ሰከንድ ተኛ፣ ንቃ፣ ሰዓቱን እይ፣ የደወል ደቂቃ ከሆነ ደውል፣ ካልሆነ ተመልሰህ ተኛ። በመጀመሪያው ቀን ርእሰ መምህሩ ሻይ ጋበዙኝ። በሁለተኛው ሳምንት ተጠርቼ ስሄድ ዘበኛው የድሮውን የተንጠለጠለ ብረት በድንጋይ እየደበደበ የዕረፍት ሰዓት ሲያውጅ ደረስሁ።

ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ስከታተል ነገሩ ተገለጠልኝ። ሰዓቱን ለማየትና መዝገቡን ለማንበብ የሚወስደው ጊዜ በእንቅልፉ ላይ ሲጨመር አንዱ ዙር 60.4 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ፕሮግራሙ ሲነቃ 3:59 ከ59.8 ሰከንድ ነው። ደወሉ 4:00 ላይ ስለሆነ ገና ነው ብሎ ይተኛል። እንደገና ሲነቃ 4:01 ከ0.2 ሰከንድ ሆኗል። 4:00 የምትባለዋን ደቂቃ እንቅልፍ ወስዶት አሳለፋት። 0.4 ሰከንድ በ150 ዙር አንድ ሙሉ ደቂቃ ስለሚሆን፣ በየሁለት ሰዓት ተኩሉ አንድ ደቂቃ ይዋጣል ማለት ነው። የተዋጠችው ደቂቃ የደወል ደቂቃ የምትሆነው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሆነ በሽታው ሲፈልጉት ይሰወራል። እኔም ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ እንቅልፉን ወደ 30 ሰከንድ አሳጠርሁት። አሁን ደግሞ በአንዱ ደቂቃ ሁለት ጊዜ እየነቃ ሁለት ጊዜ መደወል ጀመረ።

ጥፋቱ ያለው እኛ ፕሮግራሙን በምናስጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። «አሁን ልክ 4:00 ነው ወይ?» የሚል ፕሮግራም ያቺ ደቂቃ ካመለጠችው አበቃ። ጥያቄው «ሰዓቱ የደረሰ፣ ግን ገና ያልተፈጸመ ቀጠሮ በመዝገቡ ላይ አለ ወይ?» መሆን አለበት። እያንዳንዱን ቀጠሮ በዳታቤዝ (ኮምፒውተሩ ቢጠፋም በማይጠፋ መዝገብ) ውስጥ አንድ መስመር አድርገህ ጻፈው፤ መቼ እንደሆነና መፈጸም አለመፈጸሙን ያዝ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በየደቂቃው ቢነቃ ወይም በየአምስት ደቂቃው ግድ የለም፤ ሲነቃ ያልተፈጸመውን ያገኘዋል፣ የተፈጸመውንም አይደግመውም።

ይህን አስተካክዬ ደረቴን ነፍቼ ስመላለስ፣ አንድ ቀን መብራት ከጠዋት ጠፍቶ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ያልተፈጸሙ አምስት ደወሎች አገኘ፤ አምስቱንም አከታትሎ ለቀቃቸው። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው የግቢው በር ላይ ደርሰው ነበር። ርእሰ መምህሩ ከዚያ ወዲያ ሻይ ጋብዘውኝ አያውቁም።

ስለዚህ ሦስተኛ ነገር ጨምርበት፤ ቀጠሮው የሚጠቅመው እስከ መቼ ነው? ደወል ሁለት ደቂቃ ካለፈበት ዝም ብሎ «አልፎበታል» ተብሎ ይዘጋ። ያንተ መልእክት ግን እስከ ማታ 12 ሰዓት ቢዘገይ እንኳ መላክ አለበት። ይህን የሚወስነው ቴክኒክ ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት ቀጠሮ ቁጭ ብለህ አስብበት።

«ተልኳል» የሚለውን ምልክት መቼ እንደምታደርግም ምረጥ። ልከህ ምልክት ሳታደርግ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ሁለተኛ ይልካል፤ ምልክት አድርገህ ሳትልክ ቢጠፋ ደግሞ ጭራሽ አይልክም። ለዕቁብ ማስታወሻ የመጀመሪያው ይሻላል፤ መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርስ የሚከፋ ሰው የለም። ነገ ፕሮግራሙ ገንዘብ ራሱ እንዲያስተላልፍ ካሰብህ ግን ይህን አንቀጽ እርሳው፤ ያ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። አንተ 8:00 ብለህ ጽፈሃል፤ በቤትህ ኮምፒውተር ያ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የተከራየኸው ሰርቨር ግን፣ አብዛኞቹ እንደሚያደርጉት፣ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ይቆጥራል። በዩቲሲ 8:00 ሲሆን አዲስ አበባ በፈረንጅ አቆጣጠር 11:00፣ በእኛ ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። በእጅህ 3 ብትቀንስ ለአዲስ አበባ ሁልጊዜ ይሠራልሃል፤ የእኛ ሰዓት ከወቅት ወቅት አይለዋወጥም። የዋሽንግተን ግን ይለዋወጣል። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሰዎቹ ያማረሩት እውነታቸውን ነው፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእነሱ እኩለ ሌሊት ወይም አንድ ሰዓት ያለፈው ነው። ለእያንዳንዱ አባል «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ወይም «አሜሪካ/ኒው ዮርክ» የሚለውን የሰዓት ክልል ስም አስቀምጥ፤ መቀነስና መደመሩን ለፕሮግራም ቋንቋው መሣሪያ ተወው።

የ6 ሰዓቱን ልዩነት በተመለከተ፣ ሰው የሚጽፍበትና የሚያነብበት ገጽ ላይ ብቻ ቀይረው። በኮዱ መሐል 6 የሚደምር መስመር ካየሁ ሌላ ቦታ ሁለተኛ 6 የሚደምር እንዳለ እጠረጥራለሁ፤ ብዙውን ጊዜም አገኘዋለሁ። የሌሊት ቀጠሮ ከመጣ ደግሞ ተጠንቀቅ። «ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያለህ ሰው የትኛውን ሌሊት ማለቱ እንደሆነ አይታወቅም። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ እንዲመርጥ አድርግ።

አንዳንዶቻችሁ ክሮን (ፕሮግራምን በተወሰነለት ሰዓት የሚቀሰቅስ የኮምፒውተር መሣሪያ) ይጠቀም ብላችኋል። ፕሮግራሙን በየአምስት ደቂቃው ለመቀስቀስ ከሆነ እስማማለሁ። «በየወሩ በ5» ለማለት ግን አይሆንም፤ ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። መስከረም 5 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 15፣ ኅዳር 5 ኖቬምበር 14፣ የካቲት 5 ፌብሩዋሪ 12 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቀን ይገፋሉ። «ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 30 እደምራለሁ» የሚለውም ሐሳብ እስከ ነሐሴ ያምራል። ነሐሴ 5 ላይ 30 ብትደምር ጳጉሜን 5 ላይ ታርፋለህ፤ ከዚያ 30 ብትደምር መስከረም 30። ዕቁቡ ሃያ አምስት ቀን ዘገየ ማለት ነው። ካለፈው ቀን ተነሥተህ አትደምር፤ የሚቀጥለውን ወር 5ኛ ቀን በእኛ አቆጣጠር ፈልገህ ወደ ዩቲሲ ለውጠውና መዝገቡ ላይ ጻፈው።

ለመሞከር ጳጉሜን እስኪመጣ አትጠብቅ። ፕሮግራሙ «አሁን ስንት ሰዓት ነው» የሚለውን ከኮምፒውተሩ በቀጥታ እንዳይወስድ፣ አንተ እንድትሰጠው አድርገህ ጻፈው። ከዚያ 2019 ጳጉሜን 6 ነው ብለህ ዋሸውና የሚጽፈውን ቀጠሮ እይ። እስከዚያው የዕቁቡን ዳኛ አንድ ነገር ጠይቅልን፤ ጳጉሜን 5 ላይ ይጣላል ወይስ ይዘለላል? መልሳቸውን እዚሁ ጻፈው፣ መዝገቡን እንዴት እንደምታዘጋጀው ከዚያ እንቀጥላለን።