ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ቡችላ ለያዘችው እህት

እህቴ፣ ቡችላሽ አራት ወሩ እንደሆነ፣ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ማታ እንደሚፈታ፣ የቤት ትርፍራፊ እንደሚበላና ዝናቡ ከገባ ወዲህ ማሳከክ እንደጀመረው ጽፈሽ «በየቀኑ ምን ላድርግለት?» ብለሻል። ክትባቱን አልጠቀስሽም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ጀምሮ ይሰጣል። ካልተከተበ ሌላውን ሁሉ አቆዪና በዚህ ሳምንት አስከትቢው፤ በዓመቱ ይደገምለታል። ማታ የሚፈታ ውሻ አጥር ሾልኮ ከመንገድ ውሾች ጋር መናከሱ አይቀርም። የማይታወቅ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ወደ ማሳከኩ ስመጣ፣ ጠዋት ቁርሱን ከመስጠትሽ በፊት አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰውነቱን በእጅሽ ዳብሺው። ከሁሉም ልማድ የማስበልጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ጸጉር የሸፈነውን ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያገኘዋል። የጆሮውን ውስጥ፣ አንገቱን ከማሰሪያው ስር፣ ብብቱን፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ቆዳ አትለፊ። መዥገር የሚደበቀው እዚያ ነው። ስታገኚ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግተሽ ያዢና ሳትጠመዝዢ ቀስ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ናፍጣ መቀባት ወይም በእሳት መለብለብ መዥገሩ የያዘውን በሽታ ወደ ውሻው ደም እንዲተፋ ሊያደርገው ይችላል።

ቁንጫ መሆኑን ለመለየት ደግሞ ከጅራቱ ስር ያለውን ጸጉር አበጥሪና የወደቀውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊው። ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከሟሟ ቁንጫው የጠጣው ደም ነው። አብዛኛው እንቁላልና እጭ ግን ያለው ውሻው ላይ ሳይሆን መኝታው ውስጥ ነው፤ ውሻውን ብቻ አጥቦ መኝታውን መተው ድካም ብቻ ነው። ጨርቁን በየሳምንቱ በፈላ ውሃ እጠቢና ፀሐይ በወጣች ቁጥር አስጪው። መኝታውን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጊለት፤ የጅማ ጭቃ ከሥር እየረጠበ ቆዳውን ያቆስለዋል። ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት ግን እባክሽ እንዳታስነኪው። ለበሬ የተመጠነ መድኃኒት ቡችላን ያንቀጠቅጠዋል፣ ይገድለዋልም። ሐኪሙ በኪሎው መዝኖ ይስጥሽ።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። የወጥ ትርፍ ከነሽንኩርቱ አይሰጥም። ቀይም ይሁን ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ይሰብራል፤ ምልክቱም ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ሰው ከምግቡ ጋር አያገናኘውም። ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በቆሎ በሚጠበስበት በዚህ ወቅት ፍሬው የተበላለትን ቆረቆንዳ ግቢ ውስጥ አትጣሉ፤ ቡችላ ይውጠውና አንጀቱን ይዘጋበታል፣ መፍትሔውም አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። የቡና አተላም እንዲሁ። እኛ አገር ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል፣ አተላው ደጃፍ ይደፋል፤ ለውሻ ግን ልብ የሚያስሮጥ፣ የሚያንቀጠቅጥ መርዝ ነው። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ድፉት።

ታዲያ ምን ይብላ? ቅቤና በርበሬ ያልገባበት ሩዝ ወይም ገንፎ፣ ቢያንስ ሲሶው የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ሆኖ። ስድስት ወር እስኪሞላው በቀን ሦስቴ፣ ከዚያ ሁለቴ። ሥጋና እህል ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየም ያንሰውና እግሩ ሊጎብጥ ስለሚችል መጠኑን ሐኪሙን ጠይቂ። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይቅመስ፤ ውስጡ ሊኖር የሚችለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውሻው ሆድ የኮሶ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉም ከሰገራው ወደ ልጆችሽ እጅና አፍ ይመጣል። የትል መድኃኒት እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይስጡት። ውሃውን ጠዋትና ማታ ቀይሪ።

ሰንሰለቱን በተመለከተ፣ ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ጠባቂ አይሆንም፤ ያገኘውን የሚናከስና ሲጮኽ የሚውል ይሆናል። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዘሽው ውጪ። አዌቱ ዳር ካለፋችሁ የወንዙን ውሃ አታስጠጪው። ስትመለሱ እግሩን እጠቢና በጣቶቹ መካከል እስኪደርቅ በጨርቅ አድርቂው። ሙሉ ገላውን በወር አንዴ ማጠብ ይበቃዋል፣ በኦሞ ግን አይሆንም።

ድዱን በጣትሽ ጫን ብለሽ ልቀቂው፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ካልተመለሰ፣ ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ትውከት ከጀመረው፣ እስከ ነገ አትጠብቂ። በዚያ ዕድሜ ቡችላ በአንድ ቀን ውስጥ የሰውነቱ ውሃ አልቆ ሊሞት ይችላል። ፓራሲታሞልም ሆነ ዳይክሎፌናክ ከቤትሽ አትስጪው። ወደ ግል የእንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው፤ ካልሆነም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ነውና እዚያ ጠይቂ። ስትሄጂ የበላውን፣ የተከተበበትንና ትል ያወጣበትን ቀን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።