ጣሊያን እየተሸነፈች ለምን ትጫወታለች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ደብሊን ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የካቲት ሲመጣ የሥራ ባልደረቦቼ ወሬ ሁሉ ስለ ሲክስ ኔሽንስ፣ ስድስት ሀገሮች በየዓመቱ ስለሚገጥሙበት የራግቢ ውድድር ይሆናል። አብሬያቸው አያለሁ፣ ሲጮኹ እጮኻለሁ፣ ግን ግራ ይገባኛል። የፍጻሜ ጨዋታ የለው፣ ወራጅ የለው! ጣሊያንስ ሁሌ እየተሸነፈች ለምን ትጫወታለች? አየርላንድስ ሁለት ቦታ ተከፍላ እንዴት በአንድ ቡድን ትሰለፋለች? እህታችሁ፣ ከደብሊን።

መልስ፦ እህቴ፣ መጮህ ከጀመርሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

ውድድሩን በ1883 የጀመሩት እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ ናቸው። ፈረንሳይ በ1910፣ ጣሊያን በ2000 ገቡ። እያንዳንዱ ቡድን አምስት ጨዋታ ይጫወታል፤ ዘንድሮ ሜዳው ላይ ያስተናገደውን ከርሞ ሄዶ ይገጥመዋል። ዋንጫው በነጥብ ነው፦ ለድል 4፣ ለአቻ 2፣ አራት ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚ የጎል መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት) ላገባ ተጨማሪ 1፣ በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ለተሸነፈም 1። አምስቱንም ያሸነፈ ግራንድ ስላም ሠራ ይባላል። የመጨረሻው ደግሞ የእንጨት ማንኪያ ወሰደ ይባላል፤ ማንኪያው ግን በስም ብቻ ነው።

የአየርላንድ ነገር ቀላል ነው። ደሴቲቱ በ1921 ስትከፈል የራግቢ ፌዴሬሽኑ አልተከፈለም። የሰሜኑ የቤልፋስት ልጅም የደቡቡ የኮርክ ልጅም አንድ ማሊያ ይለብሳል። በ1995 ለሁሉም የሚሆን መዝሙር ተሠራላቸው፣ ከሀገር ውጭ ሲጫወቱ እሱን ብቻ ነው የሚዘምሩት።

ወደ ጣሊያን ልምጣ፣ እኔ እንኳን ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እውነትሽን ነው፣ ከ2015 እስከ 2022 በዚህ ውድድር 36 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈዋል። ሰባት ዓመት! ከዚያ መጋቢት 2022 በዌልሷ ካርዲፍ ከተማ ዌልስ 21 ለ15 እየመራች ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንጅ ካፑኦዞ የሚባል የ22 ዓመት ቀጭን ልጅ ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ ተነሳ፣ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ሊይዙት ሲሉ ለቡድን ጓደኛው ለፓዶቫኒ አቀበለውና ፓዶቫኒ ምሰሶዎቹ መሀል ገብቶ ትራይ አገባ። ሌላው ጣሊያናዊ ጋርቢሲ ከትራይ በኋላ የምትሰጠዋን ተጨማሪ ምት አስገባ። 22 ለ21። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተሸለመው የዌልሱ ጆሽ አዳምስ ሜዳሊያውን ለካፑኦዞ ሰጠው። እኔ ያንን ቀን ያየ ሰው "ለምን ይጫወታሉ?" ብሎ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ዕድል ግን ሁሌ አይቀናም። የካቲት 2024 በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ ከፈረንሳይ ጋር 13 ለ13 ሆነው በመጨረሻዋ ሰዓት ቅጣት ምት አገኙ። ያው ጋርቢሲ ቆመ። ለቅጣት ምት የሚሰጠው 60 ሰከንድ ነው። ሊመታ ሲንደረደር ኳሷ ከማቆሚያዋ ወደቀች። ሮጦ መልሶ አቆማት፣ ሰከንዱ እያለቀ በጥድፊያ መታ፣ ኳሷ ምሰሶውን ገጭታ ተመለሰች። አቻ። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ስኮትላንድን 31 ለ29፣ ዌልስን ካርዲፍ ላይ 24 ለ21 አሸነፉ። ስለዚህ "ሁሌ" የሚለውን ተይው።

ወራጅ የለም ያልሽው ግን እኔንም ያንገበግበኛል። በዚህ የሚበደሉት ጆርጂያዎች ናቸው። በ2022 እዚያው ጆርጂያ፣ ባቱሚ ከተማ ላይ ጣሊያንን 28 ለ19፣ በዚያው ዓመት ካርዲፍ ድረስ ሄደው ዌልስን 13 ለ12 አሸንፈዋል። ነገር ግን የካቲት ሲመጣ ቦታ የላቸውም። ጣሊያን ትውጣ አልልም። በየዓመቱ የመጨረሻውን ደረጃ የያዘችው፣ ማንም ትሁን ማን፣ ከጆርጂያ ጋር አንድ ጨዋታ ትጫወት ነው የምለው።