«እንደውላለን» ከተባለ በኋላ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የሥራ ቃለ መጠይቅን የሚመለከቱትን አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ለሒሳብ ሠራተኛነት ስፈተን ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ሁለት ጊዜ አቋረጠኝ። ስለ ባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ስጠየቅ በየወሩ የምሠራው ሥራ ጠፋብኝ። በ15 ደቂቃ «እንደውላለን» ተብዬ ተሸኘሁ። ወድቄያለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ከዚህ ተነሥተው ወድቄያለሁ አይበሉ። ስልክ የሚነካካው ጠያቂ ያሳየው የራሱን ጠባይ ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ አመልካች የሚያነጋግር ኮሚቴም ሰዓት ሲያጥረው መልስ ያቋርጣል። እኔን የሚያሳስበኝ የማስታረቂያው ጥያቄ ነው፤ የሥራው እምብርት እሱ ነውና። ሳይረሳዎት የተጠየቁትንና የመለሱትን ዛሬውኑ በወረቀት ያስፍሩ። ቀጥሎም የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር እንዴት እንደሚያመሳክሩ፣ ያልተመነዘሩ ቼኮችንና በባንኩ ገና ያልተመዘገቡ ገቢዎችን እንዴት እንደሚለዩ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ድምፅዎን አውጥተው ያስረዱ፤ በእጅ የለመዱትን ሥራ በቃል ማስረዳት ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ለድርጅቱ በሚልኩት የምስጋና መልእክት ላይም ያመለጠዎትን መልስ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ አያስነቅፍዎትም።

ጥያቄ፦ ከተፈተንሁ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ብጠይቅ ደጅ መጥናት አይሆንብኝም?

መልስ፦ አይሆንም። ደጅ የሚጠና ሰው ችሮታ ይጠብቃል፤ እርስዎ ግን ተጠርተው፣ ጊዜዎን ሰጥተው የተፈተኑ አመልካች ነዎት። ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሉ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ለዚህ የሥራ መደብ በዚህ ቀን ቃለ መጠይቅ ያደረግሁ አመልካች ነኝ። ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ውሳኔው መቼ እንደሚታወቅ ቢገልጹልኝ እወዳለሁ።» በሳምንት ውስጥ መልስ ካጡ አንድ ጊዜ ብቻ ይደውሉ፤ እስከዚያው ሌላ ቦታ ማመልከትዎን አያቋርጡ። ዘመድ ልኮ ማስጠየቅን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በችሎታዎ ቢያልፉ እንኳ በሰው እንደገቡ ያስቆጥርብዎታል።

ጥያቄ፦ «አግብተሻል? መቼ ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ተብዬ ደንግጬ ዝም አልሁ። አጥፍቻለሁ?

መልስ፦ ያጠፋው ጠያቂው ነው፤ ይህ ጥያቄ ዛሬም መጠየቁ ያሳዝነኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ ምክንያት በቅጥር ላይ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። አንዳንድ አሠሪ ይህን ፈቃድ ስለሚፈራ አስቀድሞ ሊያጣራ ይሞክራል። ዳግም ቢገጥምዎት «ሥራውን በሚገባ ለመሥራት የሚያግደኝ ነገር የለም» ብለው ወደ ሥራው ይመልሱት። ቢቀጥሩዎትም ጥያቄውን የጠየቀው የቅርብ አለቃዎ የሚሆን ሰው ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት በዚያ መሥሪያ ቤት ስለሚሠሩ እናቶች አያያዝ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ስንት እንደምፈልግ ስጠየቅ ዝቅ ያለ ቁጥር ጠራሁ። ማስተካከል እችላለሁ?

መልስ፦ ውል እስካልፈረሙ ድረስ ይችላሉ። የጠሩት ቁጥር የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ካልተነገረ፣ ንግግሩን ከዚያ ይጀምሩ፤ በግል ድርጅት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ የሥራ ግብርም ይቀነሳል። ሲደወልልዎት «የጠቀስሁት እጄ የሚገባውን የተጣራ ክፍያ ነበር» ማለት የሚችሉት በእርግጥ እንደዚያ አስበው ከነበረ ብቻ ነው፤ ካልሆነ የሥራውን ስፋት ከተረዱ በኋላ ሐሳብዎን እንደቀየሩ በግልጽ ይናገሩ።