ካፊያ የመሰለው፦ ስለ ሰናፍጭ ጋዝ የቀረቡ ሁለት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የምኖረው በድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አያቴ በ1928 ዓ.ም. በኦጋዴን ግንባር፣ በደጋሃቡር አካባቢ ዘምተው ነበር። ከላይ የወረደባቸውን ነገር ሲያነሱ «ካፊያ መስሎን ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር» ይሉን ነበር። በዕለቱ ምንም ስላልተሰማቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው አደሩ። ሲነጋ ግን ዓይናቸውን መግለጥ አቃታቸው፤ ብብታቸውና ብሽሽታቸውም ውኃ ቋጠረ። እስኪያርፉ ድረስ ሳል አልለቀቃቸውም። አሁን ታናሽ ወንድሜ ከወር በላይ ሲያስለው ቤተሰቡ «የአያቱ ጋዝ ነው» ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል? በዚያች ሌሊትስ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቢኖር ምን ሊያደርግላቸው ይችል ነበር?

መልስ፦ የወንድምዎን ጉዳይ ላስቀድም። ጋዙ በአያትዎ የአየር ቧንቧ ላይ የተወው ጠባሳ አብሯቸው ያለፈ እንጂ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ስላለበት፣ ወንድምዎ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የቤተሰቡ ታሪክ ምርመራውን እንዲያዘገየው አትፍቀዱ።

ወደ አያትዎ ስንመለስ፣ የነገሩዎት ሁሉ ከሕክምናው ዕውቀት ጋር ይገጥማል። ሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነገር ጋዝም አይደለም፣ ከሰናፍጭም የተሠራ አይደለም። ቀለሙ ውኃ ከሚመስለው አንሥቶ ያገለገለ የሞተር ዘይት እስከሚመስለው የሚደርስ ቅባታማ ፈሳሽ ነው። ጣሊያኖች «ኢፕሪት» የሚሉት ጀርመኖች በሐምሌ 1909 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠቀሙበት ግንባር በነበረችው የቤልጂየም ከተማ፣ በኢፕር ስም ነው። የኢጣሊያ አየር ኃይል የጣለው ትልቁ ቦምብ ከመሬት በላይ እየፈነዳ ፈሳሹን ወደ ታች የሚያርከፈክፍ በመሆኑ «ካፊያ» የሚለው የአያትዎ ቃል የተጋነነ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ባሰሙት ንግግር ከአውሮፕላን ስለሚዘንበው የሞት ዝናብ ተናግረዋል። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን የ1917ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር።

የዚህ መርዝ ክፋት ዝምታው ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ አያቃጥልም፣ አያሳክክም። ነገር ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቆዳ ዘልቆ ከሴሎች ጋር ይጣበቃል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ አያትዎ ደኅና ነኝ ብለው በተኙበት ሰዓት ጉዳቱ ደርሶ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ጋቢው አለ። ፈሳሹን የጠጣ ጥጥ ሌሊቱን ሙሉ በሰውነት ሙቀት እየተነነ፣ የተከናነበውን ሰው ዓይንና ሳንባ ሲያጠቃ ያድራል። ብብትና ብሽሽት አስቀድመው የቋጠሩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መርዙ ቆዳው ስስ፣ ሞቃትና ላብ ያረጠበው ቦታ ላይ ይበረታል። የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም።

የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ ከረከሰው ቦታ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫና ወደ ከፍታ ያወጣቸው ነበር፤ የመርዙ እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ በቦይና በጉድጓድ ውስጥ ይተኛልና። ቀጥሎ ልብሳቸውን በሙሉ ያስወልቃቸዋል፤ በራስ በኩል የሚወጣውን ግን ፊታቸውን እንዳይነካ ቀዶ ያወልቀዋል። ዓይናቸውን ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ያጥባል። ቆዳ ላይ የሚታይ ጠብታ ካለ ሳይፈትግ ዱቄት ነስንሶ ያስመጥጠውና ያነሣዋል፤ ከዚያም ገላቸውን ከነፀጉራቸው በሳሙናና በውኃ ያጥባል። እዚህ ላይ ሁሉ ነገር የደቂቃ ጉዳይ ነው፤ በሁለተኛው ደቂቃ የፈሰሰ አንድ ጀሪካን ውኃ በሁለተኛው ሰዓት ከሚገኝ ሙሉ በርሜል ይበልጣል። ቢዘገይም ግን መታጠቡ አይቀርም፤ የቀረው መርዝ ሌላ ቦታና ሌላ ሰው እንዳይነካ ያደርጋልና።

አንድ ነገር ላክል። በእኛ አገር ቃጠሎ ሲባል ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ይዞ የሚሮጥ አይጠፋም። ቅቤ ለማንኛውም ቃጠሎ አይመከርም፤ በዚህኛው ግን የባሰ ነው፤ መርዙ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ገና ያልታጠበ ቆዳ ላይ ቅቤ መቀባት ጠብታውን ማስፋት ነው።

ጥያቄ፦ በሐረር በአንድ ጤና ጣቢያ የማገለግል ነርስ ነኝ። በሥልጠና ላይ ስለ ሰናፍጭ ጋዝና ሉዊሳይት ስለተባለው፣ እንደሱ ቆዳን ውኃ ስለሚያስቋጥር ሌላ የጦር መርዝ በጥቂቱ ተነግሮን ነበር። ሁለቱን በምን እለያቸዋለሁ? ከታማሚው የቋጠረ ቆዳ የሚወጣው ውኃስ እኔን ይጎዳኛል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ የቋጠረው ውኃ መርዙን አልያዘም፤ እንደማንኛውም የሰውነት ፈሳሽ በጓንት ይያዝ እንጂ አያስፈራዎት። የሚያስፈራው ያልታጠበው ገላና የገባበት ልብስ ነው። ስለዚህ ታማሚው ታጥቦ እስኪያበቃ ድረስ ከሕክምና ክፍሉ ውጭ ይቆይ። ተራ የላቴክስ ጓንት ፈሳሹን ለረጅም ጊዜ አይመክትምና ወፍራም የቡቲል ላስቲክ ጓንት ያስፈልጋል።

ሉዊሳይት ከሰናፍጩ የሚለየው ሳይውል ሳያድር በመጮሁ ነው። ቆዳንና ዓይንን በነካበት ቅጽበት ያማል። በውስጡ አርሴኒክ ስላለ ዲመርካፕሮል የተባለ ማርከሻ ተገኝቶለታል። ለሰናፍጩ ግን ማርከሻ የለውም። ታማሚው «ምንም አልተሰማኝም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው የጀመረኝ» ካለዎት ሐሳብዎ ወደ ሰናፍጩ ያዘንብል። ሽታን አይመኑ፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምደዋል፣ ሽታው ሳይታወቅም ይጎዳል።

መርዙ እንደነካው የተጠረጠረ ሰው ምንም ባይታይበት እንኳ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን በክትትል ይቆይ እንጂ «ደኅና ነህ» ተብሎ አይሸኝ። ድምፁ ከጎረነነ ወይም ደረቅ ሳል በቶሎ ከጀመረው የአየር ቧንቧው እየተጎዳ ነውና ኦክስጅንና የመተንፈሻ ቱቦ የማስገባት ዐቅም ወዳለው ሆስፒታል ሳይዘገይ ይላክ። ዓይኑን በፋሻ አይሸፍኑት፤ የቆቦቹን ጠርዝ እንዳይጣበቁ ቫዝሊን ይቀቡ፣ የአንቲባዮቲክ ቅባት ይጨምሩ፣ ብርሃን ለሚያስቸግረው ጥቁር መነጽር ይስጡት። እንደ ታወረ ቆጥሮ ይሸበራል፤ አብዛኛው ሰው ማየቱ እንደሚመለስለት ይንገሩት፤ ይህ ራሱ ሕክምና ነው። ለቆዳው ትንንሹን ቋጠሮ ሳያፈርሱ ይተዉት፤ የፈረሰውን በንጹሕ ውኃ እያጠቡ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የተባለውን የቃጠሎ ቅባት ይቀቡ፣ ሕመሙንም ሳይሰስቱ ያስታግሱ። የደም ሥር ፈሳሽ ሲሰጡ በእሳት ለተቃጠለ ሰው የምናሰላውን ቀመር አይከተሉ፤ ከዚያ ያነሰ ነው የሚያስፈልገው፤ ከበዛ ሳንባውን ያጥለቀልቃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የደም ምርመራ ነው። የወሰደው መጠን ከበዛ መርዙ መቅኔ ድረስ ይዘልቃልና ነጭ የደም ሴሎች በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ መውረድ ይጀምራሉ፤ ቁስሉ ሲያምርለት የነበረው ታማሚ በዚህ ጊዜ በኢንፌክሽን ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ቆጠራው በየዕለቱ ይደረግ።

በመጨረሻም ስለ ሐረር ብርድ። ሰናፍጭ ጋዝ ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይረጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ የቆየ ጫማ ወይም ካፖርት ሲታይ ደረቅ፣ ሲሸተትም ምንም ሊሆን ይችላል፤ ሙቅ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን መርዙ ቀልጦ መትነን ይጀምራል። የታማሚውን ልብስና ጫማ ድርብ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስረው ከግቢው ራቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ፤ ለዘመድ አይስጡ።